ለቤተሰብ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ ቦርሳው ስንት ሊትር ይሁን? ዕቃውንስ ማን ይሸከም?

የሦስት ልጆች አባት | መስከረም 22፣ 2017

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ስለጠራ እኔና ባለቤቴ ሦስቱን ልጆቻችንን ይዘን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወጣ እያልን በእግር ለመጓዝ አቅደናል። ልጆቹ የ11፣ የ7 እና የ3 ዓመት ናቸው። መጀመሪያ እንጦጦን፣ ቀጥሎ የመናገሻ ሱባን ደን፣ ሁሉም ከተሳካ ደግሞ ለገና ሰሞን ወንጪን ለማየት አስበናል። ማደር የለም፤ ጠዋት ወጥተን ሳይመሽ ቤታችን እንገባለን።

የምጠይቃችሁ ስለ ቦርሳና ስለ ዕቃ ነው፤ ባለፈው ዓመት እንጦጦ የወጣን ጊዜ የደረሰብኝ እንዲደገም አልፈልግም። ያን ጊዜ ከወንድሜ አንድ ባለ 60 ሊትር ቦርሳ ተውሼ የአምስታችንን ውሃ፣ ምሳ፣ ሹራብና ጋቢ አንድ ላይ ጠቀጠቅሁበት። ቦርሳው ሰፊ ስለነበር "ይህም ይግባ፣ ያም ይግባ" ሲባል በመጨረሻ ኳስ ሳይቀር ገባ። አቀበቱን እንደ ምንም ወጣሁት፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ጭነቱ ወደ ፊት እየገፋኝ የትንሿን ልጄን እጅ መያዝ እንኳ ስላቃተኝ ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ በሁለቱም ትከሻዎቼ ላይ የማንገቻው ሰንበር ጎልቶ ይታይ ነበር።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ቦርሳ ይሻላል ወይስ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ትንሽ? ልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ይዘው ቢወጡ ምን ችግር አለው? የ3 ዓመቷ ሲደክማት በምን እንያዛት? ገንዘባችን ውስን መሆኑን ከግምት አስገብታችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

---

አባ መንገድ | መስከረም 22፣ 2017

ወንድሜ፣ ነገሩን ከመጨረሻው ጀመሩት ብል ቅር እንዳይሰኙ። ቦርሳ የሚመረጠው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚመዘነው ጭነቱ ነው። አንድ ምሽት ለጉዞው የምትይዙትን ሁሉ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ደርድሩና የሰው መመዝኛ ሚዛን ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱ። መጀመሪያ ባዶ እጅዎን፣ ቀጥሎ ዕቃውን አቅፈው ሚዛኑ ላይ ይቁሙና ልዩነቱን በወረቀት ይያዙት።

እኔ ለእንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ ስገምት ውሃው ብቻ ወደ 6 ኪሎ ይሆናል፤ ለሁለቱ አዋቂዎች ሁለት ሁለት ሊትር፣ ለ11 ዓመቱ አንድ ሊትር፣ ለሁለቱ ትንንሾች በድምሩ አንድ ሊትር ገደማ፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ምሳና መክሰስ ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ሦስት ኪሎ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃና ጥቃቅኑ አንድ ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው ከ12 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ጭነታችሁ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የሆነው ሁሉ የኳሱ ዘመድ ነው።

አሁን ሊትሩን እንይ። የቦርሳ መጠን በሊትር ሲነገር ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፤ ስለዚህ ውሃ የምንቀዳበትን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በዓይነ ኅሊናዎ ይያዙ። ለእርስዎ ከዚያ ጀሪካን በጥቂቱ የሚበልጥ፣ ማለትም ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ፣ ለባለቤትዎ ጀሪካኑን የሚያክል፣ ለትልቁ ልጅ የጀሪካኑን ግማሽ፣ ለ7 ዓመቱ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ባለ 60 ሊትሩ ድንኳንና የመኝታ ዕቃ ይዞ ለሚያድር ሰው የተሠራ በመሆኑ ለቀን ጉዞ ሲውል ሁለት ጉዳት አለው። ክፍት ቦታ ያየ ሰው ሳይሞላው አያርፍም፤ ሳይሞላ ከቀረ ደግሞ ዕቃው ውስጥ ለውስጥ እየዋለለ ሚዛን ያስታል። ቁልቁለቱ ላይ ወደ ፊት የገፋዎት ይኸው መዋለል ይመስለኛል።

የጀርባ ልክም አለ፤ በዚህ በኩል ሻጮች ዝም ይላሉ። አንገትዎን ደፋ ሲያደርጉ ከአንገትዎ ሥር ጎልቶ የሚወጣ አጥንት አለ። ሁለት እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው የዳሌዎን አጥንት ጫፍ ይዳብሱና፣ ሁለቱ አውራ ጣቶችዎ ከኋላ ከሚያርፉበት መስመር እስከዚያ አጥንት ያለውን ባለቤትዎ በልብስ ሰፊ ሜትር ትለካልዎት። የእርስዎ የጀርባ ልክ ያ ነው። ረዥም ሰው አጭር ጀርባ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ በቁመት አይገመትም። የወገብ ቀበቶው በዳሌው አጥንት ላይ ካረፈ አብዛኛው ክብደት ወደ እግር ይወርዳል፤ ሆድ ላይ ካረፈ ግን ክብደቱ እንዳለ ትከሻ ላይ ይቀራል። ሰንበሩ የመጣው ከዚያ ነው።

አሞላሉን በአጭሩ ልጨርስ። ከባዱ፣ ማለትም ውሃውና ምሳው፣ ከጀርባዎ ጋር ተጣብቆ በትከሻ አጥንቶችዎ መካከል ይሁን፤ ቀላሉ ልብስ ከታችና ከውጭ በኩል፣ የዝናብ ልብሱ ከሁሉ በላይ። ዝናብ ሲመጣ ምሳችሁን መሬት ላይ ዘርግፋችሁ ካፖርት የምትፈልጉ ከሆነ ጨዋታው አብቅቷል።

---

የገርጂዋ እናት | መስከረም 23፣ 2017

አባ መንገድ ያሉት ስለ አዋቂ ትክክል ነው፤ ስለ ልጆች ግን እኔም ሦስት ያሳደግሁ እንደመሆኔ የምጨምረው አለኝ።

የትምህርት ቤት ቦርሳ ለቀን ጉዞ ይበቃል፤ ሌላ ለመግዛት አይቸኩሉ። ችግሩ ማንገቻው ሁልጊዜ ተለቅቆ ቦርሳው መቀመጫቸው ላይ የሚንጠለጠል መሆኑ ነው። ማንገቻውን ሳብ አድርገው የቦርሳው አፍ ከትከሻቸው እኩል እንዲሆን ያድርጉ፤ ደረት ላይ የሚያያዝ ማሰሪያ ከሌለው በአንድ ቁራጭ የጨርቅ ቀበቶ ሁለቱን ማንገቻዎች ፊት ለፊት ማሰር ይቻላል። ልጅ የሚሸከመው ከገዛ ክብደቱ አንድ አስረኛ ገደማ እንዲሆን ይመከራል፤ 22 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከነቦርሳው ሁለት ኪሎ ይያዝ ማለት ነው። የራሱን ኮዳ፣ የራሱን ሹራብ፣ የራሱን ቆሎ ይያዝ። የእኔ መካከለኛ ልጅ "ደከመኝ" ማለት የተወው ቆሎውን ራሱ መሸከም ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ምክንያቱም ደከመኝ ካለ ቆሎው ወደ እኔ ይዛወራል።

ስለ 3 ዓመቷ፣ እናቶቻችን ያዘሉን በአንቀልባ ነው፤ እኔም የመጀመሪያ ልጄን እስከ ሁለት ዓመቱ በአንቀልባ አዝዬ ብዙ ሄጃለሁ። አንቀልባ ሕፃኑን ከጀርባ ጋር አጣብቆ ስለሚይዝ የሚወዛወዝ ጭነት የለም፤ ሲታጠፍም አንድ ጥግ ይበቃዋል። ነገር ግን የ3 ዓመት ልጅ ወደ 14 ኪሎ ትመዝናለች፤ እግሯም ረዝሟል፤ እየወረደችና እየወጣች ስለምትውል በየጊዜው መፍታትና ማሰር አታካች ነው። ብረት ያለው የልጅ መሸከሚያ ደግሞ ራሱ ወደ ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ በሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ልጅቱ የምትታዘለው አንድ ሰዓት ብትሆን በቀሪው ሁለት ሰዓት ባዶ ወንበር ተሸክመው ሊሄዱ ነው። ለዚህ ዕድሜ የሚሻለው ሰፊ የጨርቅ ማዘያ፣ ለአጭር ጊዜም እሽኮኮ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን እሽኮኮ ፈጽሞ አይሞከር።

እና ጋቢን አትርሱ። ምንጣፍም፣ ብርድ ልብስም፣ የልጅ መኝታም እሱ ነው።

---

አባ መንገድ | መስከረም 23፣ 2017

እኅቴ፣ ስለ ልጆቹ የጻፉትን ሁሉ በጸጋ ተቀብያለሁ፤ በጋቢው ላይ ግን አልስማማም።

ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን እንደሱ የሚሞቅ የለም፤ ሲርስ ግን ውሃውን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይጠፋል። ይህን የተማርኩት ወንጪ ላይ ነው። ከገደሉ አፋፍ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ሰማዩ እንደ መስተዋት ነበር፤ ከምሳ በኋላ ወደ ላይ ስንመለስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠቁሮ በረዶ ጣለብን። ካፖርቱን "ፀሐይ ነው" ብዬ መኪና ውስጥ ስለተውኩት የእኅቴን ልጅ በጋቢ ጠቀለልኩት፤ አፋፉ ላይ ስንደርስ ጋቢው ከልጁ የሚከብድ እስኪመስለኝ ድረስ ርሶ ነበር፤ ልጁም ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሐይቁ ዙሪያ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፤ ነፋሱ ሲታከልበት ደግሞ ምን ያህል እንደሚብስ ለደብረ ብርሃን ሰው አይነገርም።

ስለዚህ ጋቢው ለመቀመጫ ይምጣ፤ ለሙቀት ግን የሱፍ ወይም የፍሊስ (ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ሹራብ፣ በላዩም ውሃ የማያስገባ ነገር ለእያንዳንዱ ሰው ይኑር። የልጆች የዝናብ ልብስ ካልተገኘ ትልቅ ፌስታል አንገቱንና እጁን ቀዶ ማልበስ ይቻላል፤ አያምርም እንጂ ይሠራል።

---

ቦርሳ ሰፊው | መስከረም 25፣ 2017

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ መርካቶ አካባቢ የተበላሸ ቦርሳና ሻንጣ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ቦርሳ የት ቦታ እንደሚሞት ከሻጩ በላይ አውቃለሁ።

ወደ እኔ ከሚመጡት ቦርሳዎች ብዙዎቹ የተጎዱት ሦስት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ማንገቻው ከቦርሳው ጀርባ ጋር የሚገናኝበት የላይኛው ስፌት ነው። እዚያ ላይ ክሩ ወዲያና ወዲህ ተደጋግሞ እንደ ወፍራም ጭረት ጥቅጥቅ ብሎ ከተሰፋ ጥሩ ነው፤ አንድ ነጠላ መስመር ብቻ ከሆነ አይግዙት። ሁለተኛው ዚፑ ነው። ዚፑን ጥግ ላይ፣ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በአንድ እጅ ሃያ ጊዜ ያህል ክፈቱና ዝጉ፤ ሻጩ ቢቆጣም ቀጥሉ። እዚያ የሚይዝ ዚፕ ዕቃ ሲሞላ ይፈነዳል። ሦስተኛው የወገብ ቀበቶው ዘለበት ነው። ዘለበቱን ቆልፋችሁ ሁለቱን ጫፎች በኃይል ሳቧቸው፤ ፕላስቲኩ መታጠፊያው ላይ ነጭ መስመር ካወጣ በቅርቡ ይሰበራል።

ጨርቁን በተመለከተ አንዳንድ ቦርሳ ውስጥ 210 ወይም 420 ዴኒየር የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ 9,000 ሜትር የሚሆን ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል፤ ቦርሳውም ይከብዳል። ለቤተሰብ ጉዞ 210 ይበቃል፤ ወለሉ ብቻ፣ በየድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

አዲስ ከሚባለው ርካሽ ቦርሳ ይልቅ ጥሩ ሰልባጅ ይሻላል፤ ይህን የምለው ሰልባጅ ስለምሸጥ አይደለም፤ አልሸጥም። አዲስ ሆኖ የታወቀ ስም የተለጠፈበት ርካሽ ቦርሳ ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ ሰልባጁ ደግሞ ከቆየ በኋላም ስፌቱ ካልተፈታ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው። ሰልባጅ ስትገዙ ግን ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ። ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ነገር እንደ ቆዳ እየተላጠ ከሆነ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካለው ዕድሜው አልቋል፤ ታጥቦም አይድንም። ከዚያ ስምንት ኪሎ የሚሆን ዕቃ፣ ለምሳሌ የጤፍ ዱቄት በፌስታል፣ ጨምሩበትና በአንድ ማንገቻ ብቻ አንሥታችሁ አወዛውዙት። ስፌት ሊለቅ ሲል ጠጠር እንደሚረገጥ ያለ ድምፅ አለው፤ ጆሮን አስጠግቶ ላዳመጠ ሰው ይሰማል።

በመጨረሻም ውሃ የማያስገባ ቦርሳ የሚባለውን አትመኑ፤ በጨርቁ ባይገባ በዚፑና በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል። ወፍራም ላስቲክ ቦርሳው ውስጥ አንጥፋችሁ ዕቃውን እዚያ ውስጥ ብታደርጉ ከላይ ከሚለብሰው ሽፋን ይበልጣል፤ ሽፋኑን ነፋስ ይወስደዋል፣ በጀርባ በኩል የሚወርደውን ውሃም አያግድም።

---

ነርሷ | መስከረም 26፣ 2017

ስለ ሽፋንና ስለ ዘለበት ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ ሰውየው አካል ጥቂት ልበል።

አንድ ነገር ብዙ ወላጅ አያስተውልም። ልጅ አዝሎ አቀበት የሚወጣ አባት ያልበዋል፣ ሹራቡን ያወልቃል፣ ልጁም እንደሱ የሞቀው ይመስለዋል። የታዘለ ልጅ ግን ስለማይንቀሳቀስ ብዙ ሙቀት አያመነጭም፤ እግሩና እጁ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይመታል። በየግማሽ ሰዓቱ ከአንገቱ ሥር በእጃችሁ ዳብሱ፤ ለልጁም ከእናንተ አንድ ልብስ ይጨመርለት።

ፀሐዩም አያታልላችሁ። በየ1,000 ሜትር ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ከአንድ አስረኛ ባላነሰ ይጨምራል፤ እንጦጦ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፊት ይቃጠላል። ሙሉ ክንፍ ያለው ባርኔጣ ከኬፕ ይሻላል፤ ኬፕ ጆሮንና አንገትን ይተዋል።

ለመጀመሪያ እርዳታ የሚሸጠውን ያሸበረቀ ሳጥን አትግዙ። በአንድ ትንሽ የዚፕ ቦርሳ ውስጥ ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ እሾህ መንቀያ ወረንጦ፣ ለልጆቹ በክብደታቸው ልክ የታዘዘ የትኩሳት መድኃኒት፣ ሁለት ፓኬት ሕይወት አድንና የሚወስዱት የዘወትር መድኃኒት ካለ እሱን ያዙ። ሕይወት አድኑን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንጂ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ አትበጥብጡት፤ ሲወፍር ልጁን ይጎዳዋል። ፕላስተሩ ደግሞ የሚለጠፈው ውሃ ከቋጠረ በኋላ ሳይሆን ልጁ "ጫማዬ ሞቀኝ" ያለ ጊዜ ነው። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አይገዛም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት ይዋልበት።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ | መስከረም 28፣ 2017

ከዋሽንግተን አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው። እኛ እዚህ ከልጆች ጋር የምንወጣው ብዙውን ጊዜ ቨርጂኒያ ወዳለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የፓርኩ ከፍተኛ ቦታ ሆክስቢል 1,234 ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይህን የማነሣው ባለፈው ዓመት አገር ቤት ገብቼ፣ "እኔ የለመድኩ ተጓዥ ነኝ" ብዬ በሦስተኛው ቀን እንጦጦ ስወጣ ከአጎቴ ሚስት ኋላ ቀርቼ ስላለከለክሁ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ዕቃውን ለእሱ አታሸክሙት።

ዘመድ ግን ለሌላ ይጠቅማል። ወደ አገር ቤት የሚመጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ ባዶ የጀርባ ቦርሳ ደግሞ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ውስጡም ልብስ ይታጨቅበታል። እዚህ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ውስጥ ደህና የልጆች ቦርሳና የዝናብ ልብስ በርካሽ ይገኛል። የምለምናችሁ ግን "ጥሩ ቦርሳ ላክልኝ" ብቻ አትበሉ። አባ መንገድ እንዳሉት የጀርባችሁን ልክ በሳንቲ ሜትር፣ የወገባችሁን ዙሪያ፣ የልጁንም ቁመት ጻፉልን፤ እህቴ አንድ ጊዜ የወንድ ትልቅ ልክ አምጥታ ለእናቴ የሰጠቻት ቦርሳ እስከ ዛሬ የሽንኩርት ማስቀመጫ ነው።

---

የሦስት ልጆች አባት | ጥቅምት 1፣ 2017

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሚዛን ተውሰን መዝነናል፤ በመጀመሪያው ምሽት 17 ኪሎ ሆነ። ኳሱን፣ ሁለተኛውን ጋቢ፣ የብረት ድስቱንና አንዱን ፔርሙዝ ስናወጣ 13 ደረሰ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ውሃው በቱቦ በሚጠጣው የላስቲክ ከረጢት ይሁን ወይስ በሃይላንድ?

---

ከቤር ሼቫ | ጥቅምት 1፣ 2017

እኛ በእስራኤል በኔጌቭ በረሃ ሙቀት የምንጓዝ ስለሆነ ስለ ውሃ ብመልስ አያስነውርም። ለልጆች ቱቦው ደስ ይላል፤ ስለሚጫወቱበትም ቶሎ ቶሎ ይጠጣሉ። ነገር ግን ከረጢቱ ቦርሳ ውስጥ ስለሆነ ስንት እንደቀረ አይታይም፤ ሳይታሰብ ያልቃል፤ ቱቦው በደንብ ካልታጠበና ካልደረቀም ይሻግታል። ሃይላንድ ወይም ኮዳ ላይ ግን የቀረው በዓይን ይለካል። እኛ የግማሹን ጠርሙስ ውሃ ሌሊት በረዶ እናደርገዋለን፤ ሲነጋ እንሞላዋለን፤ እስከ ቀትር ይቀዘቅዛል፣ አጠገቡ ያለውም ምሳ አይበላሽም። ለእናንተ ብርድ አገር ግን ይህ ላያስፈልግ ይችላል። ከረጢት ለአንድ አዋቂ፣ ለሌላው ሁሉ ኮዳ ብትሉ ይበቃል።

---

የሦስት ልጆች አባት | ጥቅምት 18፣ 2017

ቃል በገባሁት መሠረት ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ባለፈው ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ሄደን በሰላም ተመለስን።

በመጨረሻ የገዛነው ሁለት ቦርሳ ብቻ ነው። ለባለቤቴ ባለ 28 ሊትር ሰልባጅ፣ ለእኔ ባለ 18። ትልቁ ለእሷ የሆነው ሳንሳሳት ነው፤ ልጅቱን የማዝለው እኔ ስለሆንኩ የእኔ ቦርሳ ልጅቱ ጀርባዬ ላይ ስትሆን ወደ ፊት፣ ወደ ደረቴ የሚዞር ቀላል ነገር እንዲሆን ተስማማን። ውስጡም ሹራብና ፋሻ ብቻ ነበረ። ባለቤቴ ስትነሣ ሰባት ኪሎ ተኩል ተሸክማ ነበር፤ ውሃው እየተጠጣ፣ ድፎ ዳቦውና እንቁላሉ እየተበላ ስለሄደ ስንመለስ ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ወንዶች በትምህርት ቤት ቦርሳቸው ሄዱ።

ደኑን ለማታውቁት፣ በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ወገብ ላይ ያለ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ የሚነገርለት ጥንታዊ የጽድ ደን ነው። ከሥሩ ጨለማ፣ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ከከተማው ፀሐይ ወጥቶ እዚያ የገባ ሰው ወዲያው ሹራብ ይፈልጋል። ነርሷ ያሉት እዚያው ተፈጸመ፤ እኔ አልቦኝ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ሳለ የትንሿ ልጄ ጣቶች ቀዝቅዘው ነበር። ካልሲ እጇ ላይ አጠለቅንላት። የ7 ዓመቱ ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ አይቶ፣ ነጩ ፀጉራቸው ጀርባቸው ላይ ሲውለበለብ "እነሱም ጋቢ ለብሰዋል" አለ። የገርጂዋ እናት ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።

ለልጆቹ አንድ አንድ ፊሽካ አንጠለጠልንላቸው፤ ከዓይናችን ከጠፉ ባሉበት ቆመው ሦስት ጊዜ እንዲነፉ። ትልቁ ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ስለነፋ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ተወረሰ። ፊሽካው መልካም ሐሳብ ነው፤ ደንቡ ግን ቤት ውስጥ አስቀድሞ መለማመድ አለበት።

ያልተሳካውንም ልናገር። የባለቤቴ ቦርሳ ጀርባው ልኳ ቢሆንም የወገብ ቀበቶው ለቀጭን ወገብ ስለሚረዝም እስከ መጨረሻው ተጠብቆ እንኳ ይዋልላል፤ የተረፈው ማሰሪያም እየተንጠለጠለ ቁጥቋጦ ሁሉ ይይዘው ነበር። ሁለት ጊዜ ከእሾህ አላቅቄዋለሁ። ቦርሳ ሰፊው፣ ይህ በእናንተ ሙያ የሚስተካከል ነው? ወይስ ሌላ መፈለግ ይሻላል?

---

ቦርሳ ሰፊው | ጥቅምት 18፣ 2017

ሌላ አይፈልጉ። ማሰሪያውን ቶሎ አይቁረጡት፤ እመቤቲቱ ክረምት ላይ ወፍራም ካፖርት ስትለብስ ርዝመቱ ሊያስፈልጋት ይችላል። ቀበቶው ከቦርሳው ጎን በሚነሣበት ቦታ ትራስ ያለው ክፍል አለ፤ በሁለቱም በኩል ያንን አራት አራት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፎ በወፍራም የናይለን ክር መስፋት ነው፤ ሲያስፈልግ ስፌቱ ይፈታል። ለሚንጠለጠለው ጫፍ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት የማይበልጥ ላስቲክ ቀለበት አድርገው ቀበቶው ላይ ያስገቡና የተረፈውን ጠቅልለው ይሸጉጡበት።

ለመቁረጥ የግድ ከሆነ ግን ጫፉን በክብሪት ነበልባል አስጠግተው ክሩ ቀልጦ እስኪያያዝ ድረስ ይያዙት፤ በጣት አይንኩት፣ ያቃጥላል። አለበለዚያ በሁለተኛው ጉዞ ተተርትሮ ከዘለበቱ ውስጥ ይወጣል።